የጋሼ ግማሽ እሳት

ከስፌት መኪናዬ ፊት ለፊት መስኮት አለ፤ ከመስኮቱ ማዶ ደግሞ የጋሼ ግማሽ ጣሪያ። እኔ የሰው ጭስ የምቆጥር ሴት አልነበርኩም፤ ያን ቀን ጠዋት ግን ጭሱ ራሱ ቁጠሪኝ አለ። ሦስት ሰዓት እንደሞላ ቡፍ ብሎ ወጣና ቆመ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ቡፍ አለ፤ ደግሞ ቆመ። አንድ የሱሪ እጥፍ ሰፍቼ ሳልጨርስ አራት ጊዜ ወጥቶ አራት ጊዜ ቀረ። ሲጋራ ለመተው የሚታገል ሰው እንጂ የቤት ጭስ አይመስልም ነበር።

እግሬ መርገጫው ላይ አልረጋ አለ። ስፌቱ ተወላገደ። ፈታሁት፤ ሰፋሁት፤ እንደገና ተወላገደ። ያ ጭስ ምን ማለት እንደሆነ በመንገዳችን ላይ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ የማውቀውን ደግሞ ላልናገር ምያለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

ጋሼ ግማሽ ሰዓት ሠሪ ናቸው። እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም አላቸው፤ ግን የሚያስታውሰው ደብዳቤ አዳዩ ብቻ ነው። ግማሽ ያስባላቸው ማቀጣጠያ ነው። ያ ሰጋቱራ በሰም ተለውሶ የሚጠፈጠፈው፣ የልብስ ሳሙና ቁራጭ የሚያክለው፣ እንጨት ለማያያዝ የሚገዛው ነገር። ሌላው ሰው አንዱን ወይ ሁለቱን ምድጃው ውስጥ ወርውሮ ክብሪት ይጭራል። ጋሼ ግን በሰዓት መጋዛቸው፣ በዚያች እንደ ፀጉር በቀጠነችው፣ እኩል ለሁለት ይከፍሉታል። ሲከፍሉ የሚረግፈውን ብናኝ ሳይቀር በወረቀት ጠቅልለው ያስቀምጣሉ። ማታ አንዷን ግማሽ ከቆርቆሮ ሣጥናቸው አውጥተው ከምድጃው አጠገብ ያኖራሉ፤ ሣጥኑን ይቆልፋሉ፤ ይተኛሉ። ጠዋት ሚስታቸው ቀድማ ተነስታ እሳቱን ታያይዛለች። ቤቱ ሞቅ ሲል እሳቸው ይነሳሉ። የብረቱ ምድጃ ከገባ ሰባት ዓመቱ፤ ሰባቱንም ዓመት እንዲህ ነው።

«አንድ ካርቶን፣ ለሙሉ የብርድ ወራት!» ይላሉ፣ ጣታቸውን ቀስረው። ፀጉር አስተካካዩን አስቁመው፣ «አንተ ስንት ታነዳለህ?» ይሉታል።

«ሁለት።»

«ሁለት! ምድጃ ነው ያለህ ወይስ ባቡር?»

ፀጉር አስተካካዩ በነገሩ ተነክቶ አንድ ጠዋት በግማሽ ሞከረ። ደንበኞቹ በጭስ እያነቡ፣ ግማሽ ጢማቸውን ተላጭተው እንደወጡ መንገዱ ሁሉ ያስታውሳል። ጋሼ አልራሩለትም። «አያያዙን አታውቅበትም» አሉት፤ «ማባከን ለማንም አይከብድም፤ መቆጠብ ነው እጅ የሚፈልገው።»

እኔ ይህን ሁሉ ስሰማ ክሬን አንገቴ ላይ እያስተካከልኩ ወደ ስፌቴ አጎነብሳለሁ። ከስፌት መኪናዬ ጀርባ፣ ከጨርቅ ቁርጥራጭ ሥር፣ አንድ ከረጢት አለና። ውስጡ ነጫጭ ማቀጣጠያ ነው። ባለቤቱ ባልንጀራዬ ናት፤ የጋሼ ሚስት። ሰኞ ሰኞ ምንም ያልሆነ ቀሚስ ይዛ «እጥፉ ተፈታ» እያለች ትመጣለች። ስትመለስ የሽርጧ ኪስ አብጦ ነው።

«ለምን አትነግሪያቸውም?» አልኳት አንድ ጊዜ።

«ምን ብዬ?»

«ግማሹ አይበቃም ብለሻ።»

«አንቺ ደግሞ! ሰውየው በምን ይኩራ ታዲያ? ፀጉሩ ሄዷል። ሰዓት የሚያሠራው ሰው ተመናምኗል፤ ሁሉም ስልኩን ነው የሚያየው። ይህቺ ግማሽ እንኳ ትቅርለት። እኔ ሁለት ሦስቱን ከሥር ሸጉጬ፣ የእሱን ግማሽ ከላይ እንደ ዘውድ ደፍቼ አያይዛለሁ። ማን ተጎዳ?»

ማንም አልተጎዳም፤ ባልንጀራዬ እስክትታመም ድረስ።

ከሳንባዋ ጥግ አንድ ነገር ቆርጠው አወጡላት። ሦስት ሳምንት ራቅ ያለ ከተማ ሐኪም ቤት ተኛች። ጋሼ በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ካፖርታቸውን እንደለበሱ ሠሩ፣ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ተኙ። «ለአንድ ሰው እሳት ማንደድ ብክነት ነው» አሉኝ። እውነትም መሰለኝ። ማንደድ አያውቁበትም ብዬ አልጠረጠርኩም፤ እሳቸውም ራሳቸውን አልጠረጠሩም።

ከዚያ ልጃቸው ደወለች። ልጃቸው ርዕሰ መምህርት ናት፤ ስትናገር ደወል የተደወለ ያህል ሰው ቀጥ ብሎ ይቆማል። እኔም እዚያው ጋሼ ቤት ነበርኩ፤ ድምጿ ከስልኩ አልፎ ክፍሉን ሞላው።

«አባዬ፣ ሐኪሙ ሁለት ነገር ነው ያለው። ብርድ እንዳይነካት፣ ጭስ እንዳይደርስባት። ነገ ስድስት ሰዓት ላይ እንደርሳለን። መጀመሪያ እኔ ገብቼ አያለሁ። ቤቱ ቀዝቅዞ ካገኘሁት ወይም ጭስ ከሸተተኝ እማዬን ከመኪና አላወርዳትም። በዚያው ወደ እኔ ቤት ነው።»

«እስከ መቼ?»

«ብርዱ እስኪያልፍ ነዋ።»

ብርዱ ገና መግባቱ ነበር፤ እስኪያልፍ አምስት ወር አለ። የልጅቷ ቤት የአንድ ሙሉ ቀን መንገድ ነው፤ አራተኛ ፎቅ፣ ያለው ትርፍ አልጋ አንድ። ጋሼ ደግሞ ግድግዳ ሙሉ የሰው ሰዓት ተረክበው የት ይሄዳሉ?

«ቤቴን ማሞቅ አንቺ ነሽ የምታስተምሪኝ?» አሏት። «በግማሽ ነው የማሞቀው። አምጫት!»

ስልኩን ዘጉና ወደ ኪሳቸው ሊከቱት ሲሉ እጃቸው ኪሱን ሦስት ጊዜ ሳተው። አምስት ወር ለወጣት ምንም አይደለም። በእነሱ ዕድሜ ግን «ብርዱ እስኪያልፍ» ተብሎ የተወሰደ ሰው ብዙ ጊዜ እዚያው ይለምዳል፤ ልጅም «እዚህ ይሻላታል» ማለት ትጀምራለች። ሁለታችንም ይህን እያሰብን ስለ ሌላ ነገር አወራን።

እንግዲህ የዚያን ቀን ጠዋት ያ ቡፍ ቡፍ የሚለው ጭስ ይህ ነው። አምስተኛው ሲወጣ መቀሴን ጥዬ ተነሳሁ።

በሩን ስከፍት ጭሱ እንደ ባለዕዳ ገፍቶኝ ወጣ። ክፍሉ አንድ ነው፤ ከመስኮቱ ሥር የጋሼ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ አሥራ አንድ ሰዓቶች፣ ጥግ ላይ ጥቁሩ የብረት ምድጃ፣ ከምድጃው አጠገብ የባልንጀራዬ ወንበር። ከጓዳው በኩል አዲስ አንሶላ የተነጠፈበት አልጋ ይታያል። ጋሼ ካፖርታቸውን ለብሰው ምድጃው ፊት ተንበርክከዋል፤ ግንባራቸው ላይ የጥላሸት መስመር አለ።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። ቤቱ ተቃጠለ እንዴ?»

«ቢቃጠልማ ይሞቅ ነበር።»

ተጠጋሁ። ምድጃው ውስጥ የክንድ ውፍረት ያላቸው ፍልጦች ተደርድረዋል፤ ከመሃላቸው አንዲት ቡናማ ግማሽ ጠርዟ ጠቁሮ ተኮራምታ ተኝታለች።

«እንጨቱ ነው» አሉ። «እርጥበት ገብቶታል።» የክብሪቱን ቀፎ አገላብጠው፣ «ክብሪቱም ነው።» ደግሞ ተነስተው በመስኮት አጮልቀው፣ «ነፋሱም ዛሬ አቅጣጫው ጥሩ አይደለም።» ተመልሰው ተንበረከኩ። ተነሱ። ሰዓቶቹን አዩ። አሥራ አንዱም ሦስት ተኩል ይላሉ።

«ጋሼ፣ ሁለት ግማሽ አንድ ላይ ቢያደርጉስ?»

«ሁለት ግማሽ አንድ ነው።»

«ታዲያ አንድ ያድርጉ!»

«ሰባት ዓመት በግማሽ የነደደ ምድጃ ዛሬ ምን ተገኘና ነው አንድ የሚጠይቀው?» መቆስቆሻውን መሬት ላይ አስቀመጡት። «ምድጃው ምንም አልሆነ። እሷ በግማሽ ታነደዋለች። እኔ ነኝ ያቃተኝ። እዪ።»

ቀኝ እጃቸውን ዘረጉልኝ። የሰዓት ሠሪ እጅ፣ የጉንዳን እግር የሚያህል ብሎን የሚያስር እጅ፣ እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ሰሞኑን ሰዓትም እየሳትኩ ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለማንም እንዳትነግሪ። እጄ ሄዷል መሰለኝ።»

ማን ተጎዳ ትል ነበር ባልንጀራዬ። ይኸው፣ ሰውየው በውሸት ግማሽ ምክንያት እጃቸውን ሊቀብሩ ነው! «የለም ጋሼ፣ እሷም በግማሽ አታነድም» ማለት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ተመለሰ። የሰው ሚስት ሰባት ዓመት የደበቀችውን፣ ያውም ከሐኪም ቤት በምትመለስበት ቀን፣ እኔ ምን ቆርጦኝ ነው የማፈርጠው? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

«የእኔን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ላምጣ» ብዬ ወጣሁ። አመጣሁ። ሰካሁት። ቆጣሪው ጧ አለና ጠረጴዛው ላይ ዜና ያወራ የነበረው ሬዲዮ ጠፋ። ጋሼ ቆጣሪውን መለሱት፤ እንደገና ጧ። የዚያ ቤት ሽቦ ከእኛ ሁሉ ይበልጣል በዕድሜ።

«ይኸው» አሉ ጋሼ፣ «ዜናም ቀረብን።»

ስድስተኛዋ ግማሽ ጨሰችና ጠፋች። ሰባተኛዋም። ግማሽ ባቃጠሉ ቁጥር የቆርቆሮውን ሣጥን ይከፍታሉ፣ አንዷን ያወጣሉ፣ መልሰው ይቆልፋሉ፤ ቁልፉን ኪሳቸው ይከታሉ፤ ቁልፉን ይፈልጋሉ። እኔ መስኮት እከፍታለሁ፤ ይበርዳል። እዘጋለሁ፤ ይጨሳል። የባልንጀራዬን ወንበር ወደ ምድጃው አስጠጋሁት፤ መልሼ አራቅሁት። እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ስንመላለስ አራት ተኩል ሆነ።

ስልኩ ጮኸ። ልጅቷ ናት።

«ትልቁን ድልድይ አልፈናል። አንድ ሰዓት ተኩል ቀርቶናል። ሞቋል?»

ጋሼ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ወደ ጓዳው ገቡ። «እየሞቀ ነው» ሲሉ ሰማሁ። እኔ በዚያች ቅጽበት ሮጬ ቤቴ ደረስኩ፤ ከከረጢቱ ሦስት ነጭ ማቀጣጠያ አፈስኩ፤ በሽርጤ ሥር ይዤ ሮጬ ተመለስኩ። እሳቸው ገና «እሺ፣ እሺ፣ ገባኝ» ይላሉ። ሦስቱን ከፍልጦቹ ሥር ሸጎጥኳቸው። ክዳኑን ገጠም አድርጌ፣ ላቤን ጠርጌ፣ እንደ ጨዋ ሰው ቆምኩ።

«አንድ ጊዜ ብቻ ይሞክሩ» አልኳቸው። «አሁን ልቤ ይነድዳል ይለኛል።»

«ልብሽ እንጨት ነው?» ብለው ስምንተኛዋን ግማሽ አስገቡና ክብሪት ጫሩ።

ነደደ! እሳቱ ጓ ብሎ ተነሳ፤ የጋሼ ፊት በራ። «አየሽ?» አሉ። «አየሽ? እጄ ነው!» እኔም እግዜር ይቅር ይበለኝ አልኩ። ግን ደስታችን ሃያ እስኪቆጠር እንኳ አልቆየም። ጭሱ በቧንቧው መውጣቱን ትቶ በምድጃው አፍ ወደ እኛ ዞረ፤ እንደ ጎርፍ ተዘረገፈ። ሁለታችንም እያሳልን ደጅ ወጣን። ስንመለስ እሳቱ በራሱ ጭስ ታፍኖ ሞቷል።

ጋሼ ጉጠት አንስተው ፍልጦቹን አንድ በአንድ አወጡ። ከሥር ግማሽ ጎኑ የቀለጠ አንድ ነጭ ነገር ብቅ አለ። በጉጠቱ ቆንጥጠው ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉት።

«የእኔዎቹ ቡናማ ናቸው» አሉ።

አሥራ አንዱ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይላል።

«አንቺ ልጅ፣ ይህ ከየት መጣ?»

«ከ... ከእኔ ቤት።»

«አንቺ ምድጃ የለሽም።»

ይህን አላሰብኩትም ነበር።

ጋሼ ሌላ አልጠየቁኝም። ከጠረጴዛቸው ያቺን በአንድ ዐይናቸው የሚሰኳትን ማጉያ መነጽር አንስተው ሰኩ። ከዚያ ምድጃውን፣ ሰው የተበላሸ ሰዓት ይዞላቸው ሲመጣ እንደሚያዩት፣ ከላይ ጀምረው መመርመር ያዙ። ሰባት ዓመት አጠገቡ የኖሩትን ምድጃ ያን ቀን ገና አዩት።

በጭስ ማውጫው ቧንቧ ላይ አንዲት እጀታ አለች፤ ስታዞሯት ቧንቧው ውስጥ ያለው ክዳን ይከፈታል፣ ይዘጋል። ጋሼ ሙቀቱ በከንቱ እንዳይወጣ ብለው እጀታዋ የምትቆምበትን ቦታ በቀይ ቀለም አስምረውባታል፤ በመዝጊያውና በመክፈቻው መሃል። ግማሽ ላይ ማለት ነው። ጣታቸውን ቀይዋ መስመር ላይ አሳረፉ።

«እዚህ ጋ ብረቱ እንደ አዲስ ነው» አሉ። «ምንም አልተፋተገም።» ጣታቸው ወደ ላይ ሄደ፤ እጀታዋ ቀጥ ብላ ወደምትቆምበት። እዚያ ቀለሙ ተልጦ ብረቱ እንደ መስታወት ያበራል። «እዚህ ግን በየቀኑ ነው የቆመችው። ሰባት ዓመት።»

ጎንበስ አሉ። ከምድጃው እግር ሥር ወለሉ ላይ የደረቁ ነጫጭ የሰም ጠብታዎች ነበሩ። በጥፍራቸው ፈቀፈቁ። ወደ መፍለጫው ጉማጅ ዞሩ፤ ላዩ ላይ ጥልቅ የመጥረቢያ ምት የለም፤ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተጠጋጉ ቀጫጭን ሰረዞች ብቻ።

«እንጨቱንም እንደ እርሳስ አቅጥና ነው የምትሰነጥቀው» አሉ። መነጽራቸውን አወለቁ። «ስንት ነው የምታደርገው?»

ከዚህ በኋላ መዋሸት ምን ይረባል? «ሁለት። ሲበርድ ሦስት።»

«ሙሉ?»

«ሙሉ።»

«የእኔ ግማሽስ? ትጥላታለች?»

«ኧረ አትጥላትም! ከላይ እንደ ዘውድ ነው የምትደፋት።»

ጋሼ ፊታቸውን ወደ ሰዓቶቹ መለሱ። ቁጣ ነው ብዬ ወደ በሩ ተጠጋሁ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ከቆይታ በኋላ ዘወር ሲሉ ዐይናቸው ረጥቦ አፋቸው ግን ይስቅ ነበር።

«እኔኮ ፀጉር አስተካካዩን አስተምሬያለሁ» አሉ።

ከዚያ ካፖርታቸውን አውልቀው ወረወሩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያላወለቁት ካፖርት።

«ስንት ሰዓት ነው?» አሉኝ፣ በአሥራ አንድ ሰዓት ተከበው።

«ለአምስት ሩብ ጉዳይ!»

«ከረጢቱን አምጪ። ሙሉውን።»

ሮጥኩ። ስመለስ መስኮቱን ሁሉ ከፍተው፣ ጉማጁ ላይ ተቀምጠው እንጨት ይሰነጥቃሉ። የሚንቀጠቀጠው እጅ የት እንደገባ እንጃ፤ ስንጥሩ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ዘንግ እኩል እኩል እየሆነ ይወርዳል። እጀታዋን ቀጥ አድርገው ከፈቱ። ሁለት ወፍራም ፍልጥ ከሥር፣ መሃሉን ባዶ፣ ከላይ ቀጭኑን እያጠላለፉ ደረደሩ።

«መጀመሪያ ቧንቧውን ማሞቅ አለ» አልኳቸው። «እሳት እንደ እንግዳ ነው፣ መጀመሪያ በር ክፈቺለት ትለኝ ነበር ሚስትዎ።» አሮጌ ጋዜጣ ጠቅልለው ለኩሰው ወደ ቧንቧው አፍ ወደ ላይ ያዙት። ጭሱ ትንሽ አመነታ፤ ከዚያ ሽው ብሎ ወደ ላይ ተሳበ።

«ስንት ላድርግ?» አሉኝ። ጋሼ ግማሽ፣ እኔን።

«ሦስት።»

ምራቃቸውን ዋጡ። «ሦስት» አሉ። ሦስት ነጫጭ አስገቡ፤ እጃቸው ሣጥኑ ላይ ቆየና አንዲት ቡናማ ግማሽ አውጥተው ከላይ ደፉ። ክብሪት ጫሩ።

እሳቱ ያዘ። ሳያጨስ፣ ሳይንቋቋ፣ እንደሚያውቀው ሥራ ያዘ። እሳቸው ስንጥር ሲያቀብሉት እኔ ወለል ስጠርግ፣ እሳቸው ፍልጥ ሲጨምሩ እኔ በእርጥብ ጨርቅ የግድግዳውን ጥላሸት ስፈትግ፣ ጭሱ በመስኮት ወጥቶ አለቀ፤ ዘጋነው። ሙቀቱ ከጥግ ተነስቶ መጀመሪያ ወንበሯን፣ ከዚያ ጠረጴዛውን፣ ከዚያ ጓዳውን ደረሰ። በመስኮቱ መስታወት ላይ የነበረው አመዳይ ቀልጦ ወረደ። ከረጢቱን ከጠረጴዛው ሥር ከትተን የአሮጌ ሰዓት ሣጥን ጫንንበት።

ለስድስት አምስት ጉዳይ ሲል የመኪና ጥሩምባ ጮኸ።

ያኔ ጋሼ አንድ ነገር አደረጉ። ዘለው ተነስተው ወደ ቧንቧው ሄዱና እጀታዋን ወደ ቀይዋ መስመር መለሷት።

«ጋሼ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ዝም በይ። ቀጥ ብላ ካየቻት ማወቄን ታውቃለች። ሰባት ዓመት ለእኔ ብላ የደከመችበትን፣ ገና ከሐኪም ቤት ስትገባ ላሳፍራት?»

«ይጨሳል!»

«ሞቋል፤ አይጨስም።»

ልጅቷ ገባች። ጓንቷን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆማ አየሩን ሳበች። እኔና ጋሼ ለፈተና እንደተሰለፉ ተማሪዎች ጎን ለጎን ቆምን።

«ሞቋል» አለች፣ ያላሰበችው ነገር ሆኖባት። ግድግዳውን በመዳፏ ነካች። አንሶላውን ነካች። «ጓዳውስ?» ብላ ወደ ውስጥ ገባች።

በዚያች ቅጽበት ከምድጃው አፍ አንዲት ቀጭን የጭስ ክር ሹልክ አለች። ከዚያ ሁለተኛ። የመጨረሻው ፍልጥ ገና ትኩስ ነበርና ግማሹ መንገድ አልበቃውም። ቀሚሴን በሁለት እጄ ዘርግቼ ምድጃው ፊት ቆምኩ። ጋሼ ወደ እጀታዋ እጃቸውን ሰደዱ፤ መለሱ። ሰደዱ፤ መለሱ። ሚስታቸውን ሊያጡ ነው፤ ሊያሳፍሯት ግን አልቻሉም።

በሩ እንደገና ተከፈተ። ባልንጀራዬ መኪና ውስጥ ጠብቂ ተብላ አልጠበቀችም። ከስታለች፤ ሹራቧ ሰፍቷታል፤ በአንድ እጇ የበሩን መቃን ይዛለች። ባሏን አየች፤ ሳቅ አለች። ምድጃውን አየች። ጭሷን አየች። ሰባት ዓመት የለመደች ናትና እጇን የምታሞቅ መስላ ቀስ ብላ ወደ እኔ መጣች፣ በትከሻዬ አልፋ፣ በአንዲት ጣት ብቻ እጀታዋን ቀጥ አደረገቻት። የጭሷ ክር ወደ ኋላዋ ተሳበችና ጠፋች።

ጋሼ ጀርባቸውን ሰጥተው ያልቆመ ሰዓት ይሞሉ ነበር።

ልጅቷ ከጓዳ ወጣች። «እማዬ! መኪና ውስጥ አላልኩሽም? ደግሞ... አሁን ጭስ አልሸተተኝም?»

«ቀሚሴ ነው» አልኩ እኔ። «የእኔ ቀሚስ ሁሌም ጭስ ጭስ ይላል።»

«እትዬ፣ አንቺ ቤት ምድጃ አለ እንዴ?»

ቤተሰቡ ሁሉ ምን ሆኖ ነው የእኔን ምድጃ የሚጠይቀው?

ባልንጀራዬ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። «እኔ የትም አልሄድ» አለች ዐይኗን ጨፍና። «ሞቆኛል።» ከዚያ አንድ ዐይኗን ከፈተች። «አንተ፣ ስንት ፈጀብህ?»

ጋሼ ሰዓቱን አልለቀቁም። «ግማሽ ነዋ።»

«ግማሽ!» አለች። እኔን አየችኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ። «አላልኩሽም?» አለቻት ልጇን። «አባትሽ ያውቅበታል።»

ርዕሰ መምህርቷ እናቷን፣ አባቷን፣ እኔን በተራ ተመለከተች፤ አንድ የማይገጥም ነገር እንዳለ ገብቷታል፤ ምን እንደሆነ ግን አላገኘችውም። በመጨረሻ ጓንቷን አወለቀች። «እሺ። ሻንጣዋን ላውርድ» አለች። «ግን በየጠዋቱ ማን ነው የሚያነደው?»

«እኔ» አሉ ጋሼ፣ ቶሎ ብለው።

ከረጢቱ የዚያኑ ማታ በሽርጤ ሥር ተደብቆ ወደ ቤቴ ተመለሰ። ሰኞ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ጋሼ ሱሪ ይዘው ቆመዋል።

«እጥፉ ተፈታ» አሉኝ።

እጥፉ ምንም አልሆነ። ጥቂት ሰፋ አድርጌ አጠፍኩላቸው። ሲወጡ የካፖርታቸው ኪስ አብጧል። «አደራሽን» አሉኝ በሩ ላይ፣ «እሷ እንዳትሰማ። በግማሽ እንደማነድ ነው የምታውቀው።»

በሚቀጥለው ሰኞም ያው ሱሪ መጣ። በሦስተኛውም።

ከዚያ ባልንጀራዬ በረታች። ፀሐይ የወጣች ቀን በመስኮቷ ብቅ ብላ ጠራችኝ።

«ነይማ አንቺ! የባለቤቴ ሱሪ በየሳምንቱ የሚያጥረው ለምንድን ነው?»

«ጨርቁ ነው እቴ» አልኳት። «እሳት አጠገብ ሲውል ይሰበሰባል።»

ጎኗን ይዛ ሳቀች፤ ስፌቷ እንዳይፈታ ፈራሁላት። ወደ ኋላዋ ዞር ብላ ባሏ አለመስማታቸውን አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«እንግዲያው ቁርጭምጭሚቱ እየበረደው ነው» አለችኝ። «ሰኞ ሲመጣ ሱሪውን ተይለትና ሁለት ነጭ ጨምሪለት።»